ስለ አሮጌ መኪና የመሪ ዘንግ ለቤተ ሰብ አስተዳዳሪዎች የቀረበ ምክር

ሰው ቤተ ሰቡን ይዞ ለጕዞ በሚነሣበት ጊዜ ስንቁንና ልብሱን፥ የሚያድርበትንም ስፍራ አስቀድሞ ማሰናዳቱ ከአባቶቻችን የተቀበልነው ልማድ ነው። በቅሎ በነበረበት ዘመን ደግሞ ከዚህ ሁሉ በፊት የበቅሎይቱን ሰኮና አንሥቶ ማየትና የኮርቻውን ጠፍር መፈተን የአስተዋይ አባ ወራ ሥራ ነበር። በዛሬው ጊዜ የበቅሎን ስፍራ መኪና ወስዶታል፤ ሰኮና አንሥቶ የማየቱ ልማድ ግን ከበቅሎው ጋር አብሮ የቀረ ይመስላል። ብዙ ሰዎች መኪናቸው ታጥቦ ቀለሙ ሲያበራ ደስ ይላቸዋል፤ ከሥሩ ያለውን ነገር ግን ለነጂው ይተዉታል፤ ነጂውም ለጋራዡ ይተወዋል።

በዚህ ጽሑፍ ልንናገር ያሰብነው ከመኪና ሥር ከሚገኙት ክፍሎች አንዱ ስለሆነው ስለ መሪ ዘንግ ነው። ባለ ሞያዎች ታይሮድ ይሉታል። ዋጋው ከመኪናው ዋጋ ጋር ሲመዛዘን እጅግ ትንሽ ነው፤ ውፍረቱም ከሰው አውራ ጣት ብዙ አይበልጥም። ይሁን እንጂ በመኪናው ውስጥ የተቀመጡት ሁሉ ሕይወታቸው በእርሱ ጽናት ላይ የቆመ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ነገሩ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ሊታሰብበት ይገባል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ፥ ቀድሞ የገባው መኪና እየታደሰ ብዙ ዘመን እንዲያገለግል ግድ ሆኗል። መኪና ባረጀ መጠን ደግሞ ጠጋኙ ይበዛል፤ ከጠጋኞችም መካከል የሚጠገነውን ከሚለወጠው ለይቶ የማያውቅ አይታጣም።

ይህን እንድናስብ ያደረገን በሊበን አገር በነገሌ ቦረና ከተማ ያየነው ጕዳይ ነው። ነገሌ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ በገናሌና በዳዋ ወንዞች መካከል ባለው ሰፊ አገር የተቀመጠች ከተማ ናት። ከእርሷ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚወርደው መንገድ በፊልቱ በኩል አልፎ ሁለቱ ወንዞች ተገናኝተው ጁባ እስከሚባሉበት እስከ ዶሎ ኦዶ ይደርሳል። አገሩ ቀይ አፈር፥ ግራርና ኩይሳ የበዛበት ቈላ ነው። በበጋ አቧራው ይነሣል፤ ዝናብ በዘነበ ጊዜ ደግሞ ደረቅ የነበረው ፈፋ በድንገት ሞልቶ መንገዱን ይቈርጣል፤ ውሃው ካለፈ በኋላም በስፍራው ድንጋይ ትቶ ይሄዳል።

በዚያ የመንግሥት ሥራ ይዞ የሚኖር አንድ ወዳጅ አለን። መኪናው ከአባቱ የወረሰው አሮጌ ላንድሮቨር ነው። ከጥቂት ወራት በፊት ወደ ፊልቱ ሲወርድ አንዱን ፈፋ በሚሻገርበት ጊዜ የመሪው ዘንግ ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ጎበጠ። በመንገድ ያገኘው አንድ ብረት ሠሪ ዘንጉን በእሳት አግሎ አቃናለት፤ የተሰነጠቀውንም ስፍራ በብየዳ ያዘለት። ዋጋው ጥቂት፥ ጊዜውም አንድ ሰዓት የማይሞላ ስለ ነበረ ወዳጃችን ደስ ብሎት ተመለሰ፤ ነገሩንም ረሳው።

ከዚህ በኋላ በክብረ መንግሥት ለሚኖረው ወንድሙ ወንድ ልጅ ተወለደለት፤ የአርባ ቀኑም ክርስትና ደረሰ። የሁለቱ ወንድማማቾች እናት ይህን ቀን ለማየት ብለው ከሸዋ መጥተው በነገሌ ሰንብተው ነበር። እኛም ለሥራ ጕዳይ በከተማው ነበርንና አብረን እንድንሄድ ተጋበዝን። በዋዜማው ማለዳ ወዳጃችን ባለቤቱን፥ ሁለት ልጆቹንና እናቱን ይዞ፥ ነጂውም መሪውን ጨብጦ ከከተማው ወጣን።

ጥቂት ርቀን እንደ ሄድን እናቲቱ ከኋላ ሆነው ልጃቸውን ጠሩት።

«ልጄ፥ ይህ መኪና እግሯን እንደ ታመመች በቅሎ ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። ምን አግኝቶት ነው?»

«እናቴ፥ መንገዱ ነው እንጂ መኪናውስ ደኅና ነው፤ አይሥጉ።»

«መንገዱማ ለሁለቱም ጎማ አንድ ነው። የምታነክስ በቅሎ ጭነው ቍልቍለት አይወርዱም። አስቁመውና ይታይ።»

ወዳጃችን የእናቱን ቃል ማለፍ አልወደደምና መኪናው ቆመ። ነጂው ከሥር ገብቶ ተመለከተ፤ እኛም መሪውን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ጥቂት ጥቂት እንድናወዛውዝ ነገረን። በተበየደው ስፍራ አጠገብ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ነበር፤ መሪው በተወዛወዘ ቍጥር ይከፈትና ይዘጋ ነበር። ነጂው ከሥር ወጥቶ አቧራውን አራገፈና «ጌታዬ፥ ይህ ወደ ፊት የሚያስኬድ አይደለም» አለ።

ወዳጃችን ዝም ብሎ ቆየ። የነገውን ቀን፥ የሚጠብቀውን ወንድሙንና የሚሰማውን ወቀሳ ሁሉ እንዳሰበ ከፊቱ ይታወቅ ነበር። በመጨረሻም «ቀስ ብለን ብንሄድስ?» ብሎ ጠየቀ። ከሁላችንም ይልቅ ለመድረስ የጓጉት እናቱ ነበሩ፤ የመለሱለት ግን እርሳቸው ናቸው፤ «ሕፃኑን ካህኑ ያጠምቀዋል፤ የእኔ ማየት ለሌላ ቀን ይደርሳል። እነዚህን ልጆች ይዘን አንሄድም» አሉ። እኛና ቤተ ሰቡ በሌላ መኪና ወደ ነገሌ ተመለስን፤ ነጂውም ባዶውን መኪና በሰው እርምጃ ልክ እያዘገመ ወደ ጋራዥ አደረሰው።

ለመሆኑ የዚህ ዘንግ ሥራ ምንድን ነው? ነጂው መሪውን ሲያዞር ኃይሉ በመሪው ጥርሶችና በክንዶች በኩል አልፎ ወደ ፊተኞቹ ጎማዎች ይደርሳል። የግራውንና የቀኙን ጎማ አገናኝቶ በአንድነት እንዲታጠፉ የሚያደርገው የመሪ ዘንግ ነው። መኪና ሲጠመዘዝ በውስጥ በኩል ያለው ጎማ ጠባብ ክብ፥ በውጭ በኩል ያለው ደግሞ ሰፊ ክብ ስለሚዞር የውስጠኛው ይበልጥ መታጠፍ ይገባዋል። ይህን ዘዴ ያወጣው ላንከንስፐርገር የተባለ በሙኒክ ከተማ የነበረ ሠረገላ ሠሪ ነው፤ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1818 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ያስመዘገበለት ወኪሉ ሩዶልፍ አከርማን ስለ ነበረ እስከ ዛሬ በአከርማን ስም ይጠራል። እንግዲህ ዘዴው ከመኪና በፊት ለፈረስ ሠረገላ የታሰበ ነበር ማለት ነው። ወደ አገራችን የመጀመሪያው መኪና የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1900 ዓ.ም. ሲሆን፥ ያመጣውም ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ነው።

በዘንጉ ጫፍና ጫፍ ኳስ ያለበት መጋጠሚያ አለ። የሰው የጭን አጥንት ራሱ ክብ ሆኖ በዳሌው ጕድጓድ ውስጥ እንደሚዞር፥ ይህም የብረት ኳስ በብረት ጕድጓድ ውስጥ በግራሶ ተለውሶ ይዞራል። በላዩ የጎማ ሽፋን ለብሷል። ሽፋኑ ከተቀደደ ግራሶው ይፈስሳል፤ የሊበን ቀይ አቧራም ይገባበታል። አቧራ ከግራሶ ጋር በተደባለቀ ጊዜ ማለስለሱ ቀርቶ እንደ ሞረድ ይፈጫል፤ ኳሱም በየቀኑ እየመነመነ ሄዶ አንድ ቀን ከጕድጓዱ ይወጣል። ያን ጊዜ አንዱ ጎማ ለመሪው ሲታዘዝ ሌላው ወደ ወደደው ይሄዳል፤ የነጂው ብልኀትም የሚያድነው በጥቂቱ ነው።

የጎበጠውን ዘንግ ማቃናትስ ስለምን አይበቃም? ዘንጉ የሚሠራበት ብረት ጽኑና የማይሰበር እንዲሆን በፋብሪካ በተመጠነ ሙቀት የተዘጋጀ ነው። በእሳት በጋለ ጊዜ ይህ ዝግጅቱ ይጠፋል። ያለ እሳት በመዶሻ ቢቃናም ለዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይቀርበታል። ብየዳውም ራሱ ጠንካራ ሆኖ ቢታይ ከብየዳው አጠገብ ያለው ብረት ይደርቃል፤ ከዚያው ይሰነጠቃል። በጋራዥ ብዙ ነገር ይበየዳል፤ መቀመጫ፥ የዕቃ መጫኛና መከላከያ ቢበየድ የሚከተለው ጕዳት ጥቂት ነው። የመሪ ዘንግ ግን የሚበየድ ዕቃ አይደለም።

አንባቢዎቻችን ራሳቸው ወይም ነጂያቸው ሊያደርጉት የሚችሉት ፍተሻ ቀላል ነው። መኪናው ወደ አንድ ወገን የሚጎትት፥ ቀጥ ባለ መንገድ መሪው ተጣሞ የሚቆም፥ መሪው በእጅ ውስጥ የሚንቀጠቀጥ ወይም ከመታጠፉ በፊት ባዶውን የሚዞር ከሆነ፥ ጎማዎቹም በአንድ ጠርዝ ብቻ የሚበሉ ከሆነ፥ አስቀድሞ የሚጠረጠረው የመሪው ዘንግና መጋጠሚያው ነው። መኪናው ቆሞ ሳለ አንድ ሰው መሪውን ጥቂት ወዲያና ወዲህ ሲያወዛውዝ ሌላው በመጋጠሚያው ላይ እጁን ያኑር፤ ክንዱ ከመንቀሳቀሱ በፊት ዘንጉ የሚጫወት ከሆነ መጋጠሚያው አርጅቷል። ደግሞም ጎማውን በክሪክ አንሥቶ ግራና ቀኙን ይዞ መነቅነቅ ይገባል፤ በዚህ ጊዜ ከላላ የመሪው ነገር ይጠረጠራል። ላይና ታቹን ይዘው ሲነቀንቁት የሚላላ ከሆነ ግን ጥርጣሬው ወደ ጎማው ኩሽኔታ ወይም ጎማው ወደሚታጠፍበት ምሰሶ ነው። በመጨረሻም የጎማ ሽፋኑ አለመቀደዱንና ዘንጉ ቀጥ ያለ መሆኑን በዓይን መመልከት ነው። ይህ ሁሉ ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

አዲሱ ዘንግ ከነመጋጠሚያዎቹ ከአዲስ አበባ፥ በመርካቶ ሶማሌ ተራ ከሚባለው የመለዋወጫ ገበያ ተገዝቶ በአራተኛው ቀን በአውቶቡስ ደረሰ። ሥራውን የሠራው በነገሌ የታወቀ አንድ ሽማግሌ ባለ ሞያ ነው። በጥር ወር 1928 ዓ.ም. ግራዚያኒ በመኪና የተጫነ ጦሩን ይዞ ከዶሎ ወጥቶ፥ ከራስ ደስታ ዳምጠው ጦር ጋር በገናሌ ዶሪያ ተዋግቶ ነገሌን ይዞ ነበር። ጠላት ተባርሮ ሄደ፤ በጋራዦቻችን ግን የቋንቋው ርዝራዥ ቀረ። ይህም ሽማግሌ ዳዶ፥ ቡሎን፥ ክሪክና ግራሶ እያለ ረዳቱን ሲያዝ የሰማነው ከዚያው ከኢጣልያ ቋንቋ የቀረውን ነው። እርሱ ሲሠራ ቆመን ያየነውን በተራ እንጽፋለን።

1ኛ፤ መኪናው በደልዳላ ስፍራ ቆመ፤ የኋላ ጎማዎቹ በድንጋይ ተደገፉ፤ ፊቱም በክሪክ ከተነሣ በኋላ በጽኑ ድጋፍ ላይ ተቀመጠ። ክሪክ የሚያነሣ እንጂ የሚሸከም ስላይደለ በእርሱ ብቻ ታምኖ ከመኪና ሥር መግባት ነፍስን አሳልፎ መስጠት ነው። የዛገው ጥርስ እንዲለቅ ከዋዜማው ጀምሮ ዘይት ተቀብቶ አድሮ ነበር።

2ኛ፤ ዳዶው እንዳይፈታ የምትከለክለው ስንጥቅ የሽቦ ካስማ ወጣች። አክሊል የሚመስለው ዳዶም ላላ፤ ነገር ግን ፈጽሞ አልወጣም፤ መጋጠሚያው በድንገት ሲለቅ ዘንጉ እንዳይወድቅ ነው።

3ኛ፤ የኳሱ እግር በክንዱ ቀዳዳ ውስጥ እንደ ሽብልቅ ተጠብቆ ይቀመጣል። ባለ ሞያው የሚያላቅቅ መሣሪያ ስላልነበረው በክንዱ ጆሮ አንድ ወገን ከባድ መዶሻ ደግፎ፥ በሌላው ወገን በመዶሻ መታው፤ በሦስተኛው ምት ለቀቀ። የኳሱን እግር ጫፍ የሚመታ ሰው ጥርሱን ያበላሻል፤ በእሳት የሚያሞቀውም ክንዱን ያደክማል።

4ኛ፤ ያልጎበጠ ዘንግ ሲለወጥ በሁለቱ ኳሶች መካከል ያለውን ርዝመት መለካት፥ መጋጠሚያውም ስንት ዙር ዞሮ እንደ ወጣ መቍጠር ልማድ ነው፤ አዲሱም በዚያው ልክ ይገባል። የወዳጃችን ዘንግ ግን ጎብጦ የተቃና ስለሆነ ልኩ ሐሰተኛ ነበር። ስለዚህ ባለ ሞያው አሮጌውን ልክ እንደ መነሻ ብቻ ወሰደው። የአንዱ ጫፍ ጥርስ ወደ ቀኝ፥ የሌላው ወደ ግራ የተቈረጠ ስለሆነ ዘንጉ ራሱ ሲዞር ይረዝማል ወይም ያጥራል፤ ይህን ያላወቀ ሰው የግራውን ጥርስ በግድ አዙሮ ያበላሸዋል።

5ኛ፤ አዲሱ ዘንግ ገባ፤ ሁለቱም ዳዶዎች ጠበቁ። የካስማዋ ቀዳዳ ከዳዶው ጋር ባልገጠመ ጊዜ ባለ ሞያው ዳዶውን ወደ ኋላ አላላላም፤ ጥቂት ጨምሮ አጠበቀው እንጂ። ካስማዋም አዲስ ናት፤ አንድ ጊዜ የታጠፈች ካስማ ሁለተኛ አትታመንም።

6ኛ፤ መኪናው ወደ መሬት ወርዶ ጥቂት ከተገፋ በኋላ፥ ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ሳሉ በፊት በኩል በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ስፋት በወገባቸው ትክክል ተለካ፤ የተለካበትም ስፍራ በጠመኔ ተመለከተ። ከዚያም ምልክቱ ወደ ኋላ እስኪመጣ መኪናው ተገፍቶ እንደ ገና ተለካ። የፊቱ ስፋት ከኋላው በጥቂት ማነስ አለበት፤ ለእንዲህ ያሉ አሮጌ ላንድሮቨሮች በፋብሪካው መጽሐፍ የተወሰነው ልዩነት ከ1.2 እስከ 2.4 ሚሊ ሜትር ነው። ሽማግሌው ዘንጉን ጥቂት ጥቂት እያዞረ አራት ጊዜ ለካ፤ በአራተኛው ልኩን አገኘ። በመጨረሻም የዘንጉን ማሰሪያዎች አጠበቀ።

ረዳቱ በሦስተኛው ልኬት «ይበቃል» ቢለው ሽማግሌው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብሎ መለሰለት። ለወዳጃችንም ሦስት ነገር አዘዘው፤ ጥቂት ቀን ከተነዳ በኋላ ዳዶዎቹና ማሰሪያዎቹ እንደ ገና እንዲታዩ፥ ወደ ሐዋሳ በሄደ ጊዜ የጎማዎቹ አቅጣጫ በዘመናዊ መሣሪያ እንዲመረመር፥ ፈፋ በተሻገረ ቍጥርም ዘንጉን ጎንበስ ብሎ እንዲያየው።

አሮጌውን ዘንግ ወዳጃችን ለመጠባበቂያ ሊያስቀምጠው ፈልጎ ነበር። ባለ ሞያው ምንም ሳይናገር በሞርሳ አሰረውና በመዶሻ አንድ ጊዜ መታው። ከብየዳው አጠገብ ለሁለት ተሰብሮ ወደቀ። የተሰበረውን ፊት ብናየው ከግማሽ የሚበልጠው ቀድሞ የተሰነጠቀና የዛገ ነበር፤ መኪናውን ይዞ የነበረው የቀረው ጥቂት ብረት ብቻ ነው። ወዳጃችን ስብራቱን አንሥቶ ለእናቱ ሊያሳያቸው ወሰደው።

ስለ መለዋወጫው ግዢ አንድ ቃል እንጨምራለን። በገበያ ርካሽና ደካማ አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ይገኛል። ስለዚህ አሮጌውን ዕቃ ወይም ልኩን ይዞ መሄድ፥ የኳሱን እንቅስቃሴ በእጅ መፈተን፥ የጎማ ሽፋኑንና ጥርሱን መመልከት ይገባል። አዲስ መጋጠሚያ ጠበቅ ብሎ እኩል ይዞራል፤ ልቅ ሆኖ የሚንኳኳ ከሆነ አዲስ ቢባልም አዲስ አይደለም። አንዱ ጫፍ ካረጀ ሁለቱንም በአንድነት መለወጥ ይሻላል፤ አብረው የተጓዙ ናቸውና።

በመንገድ ላይ ሳሉ ዘንጉ ቢበላሽ ደግሞ ፍሬኑን በኃይል ሳይረግጡ ፍጥነትን በዝግታ መቀነስና መቆም፥ ሰዎቹን ማውረድ፥ ዕቃውንም ማስመጣት ነው። የጎበጠውን አቃንቶ መሄድ ሌላ ረዳት በሌለበት ምድረ በዳ ባዶውን መኪና ወደ ቅርብ ከተማ ለማድረስ ብቻ፥ በሰው እርምጃ ልክ የሚደረግ ነው፤ ጥገና ተብሎ የሚቈጠር አይደለም። በየዓመቱ የሚደረገው የተሽከርካሪ ምርመራም መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን የሚመሰክረው ስለዚያች ስለ ተመረመረባት ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ፈፋና ድንጋይ የሚያውቀው ባለ መኪናው ነው።

ከክርስትናው በኋላ ባለው ሳምንት ወደ ክብረ መንግሥት ሄድን። በመንገድ መኪናው ወደ አንድ ወገን አልጎተተም። ወንድምየው ቀኑን ስላሳለፍነው ቅር ብሎት ነበርና በደጅ የተቀበለን በጥቂት ቃል ነው። እናቲቱ ምክንያት አላበዙም፤ የተሰበረውን ዘንግ ከነጠላቸው አውጥተው በእጁ ሰጡት፤ እርሱም ስብራቱን ደጋግሞ ካየ በኋላ የወንድሙን ልጆች አንድ በአንድ አቅፎ ወደ ቤት አስገባን። የሕፃኑን ክርስትና አላየንም፤ ሕፃኑን ግን አየነው።

ስለዚህ የቤተ ሰብ አስተዳዳሪ የሆናችሁ አንባቢዎቻችን ሆይ፤ ወደ ቈላም ሆነ ወደ ደጋ ከመነሣታችሁ በፊት አባቶቻችን ሰኮና አንሥተው ያዩ እንደ ነበረ እናንተም ጎንበስ ብላችሁ የመሪውን ዘንግ እዩ። ከኋላ የተቀመጠ ሰው፥ ሽማግሌም ሆነ ሕፃን፥ መኪናው ያነክሳል ቢላችሁ ቃሉን አትናቁ። የጎበጠውንም አታስቃኑ፤ ለውጡት።